ዱቄቱ ወደ ወረቀቱ ለምን ይዘላል?

(በኢዮቤልዩ በዓላችን የቤተሰብ ምሽት ከአንድ የፎቶኮፒ ሱቅ ባለቤት የቀረበ ንግግር)



እኛ እዚህ ጅቡቲ ከተማ በፎቶኮፒና በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የምንተዳደር ቤተሰብ ነን። በዚህ አዳራሽ ወረቀቱ በእኛ ማሽን ያላለፈ ሰው ብዙ አይገኝም። ፓስፖርቱን፣ የልደት ወረቀቱን፣ የትምህርት ማስረጃውን ሁሉ አይተናል፤ የሰው ገመና ግን አናወጣም። ለልጆቹ ስለ ሳይንስ ተናገሩ ስንባል ሳቅን፤ ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈምና። ቢሆንም ማሽኑ ያስተማረን ነገር አለ።

በኅዳር 1999 ዓ.ም. አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ወረቀት ይዘው መጡ። ልጁ ለፈተና የሚመዘገብበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ኮፒው ፈዞ ወጣ። ብንደግመውም ያው ሆነ። «ግድ የለም እናታችን፣ ይነበባል» ብለን ሰጠናቸው። ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ፤ 8 ቁጥሩ 3 ስለመሰለ አልተቀበሏቸውም። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። እኛ ድራሙ አለቀ ብለን፣ አዲሱን በስንት እንደምንገዛ ማስላት ጀምረናል።

ደብተር ሊገዛ የገባ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «ወረቀቱ የት ነው ያደረው?» ብሎ ጠየቀን። ያደረውማ እሽጉ ተከፍቶ፣ የባሕሩ ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር ነበር። «በሉ አዲስ እሽግ ክፈቱ» አለን። ከፈትን፤ ጥርት ብሎ ወጣ። እናትየዋ ሒሳብ እንኳ ሳይጠይቁ ሮጡ፤ ደረሱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻርጅ የምንለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ። አንድ ዓይነት የሆኑት ይገፋፋሉ፣ የተለያዩት ይሳሳባሉ። ፈረንሳዊው ኩሎም በ1785 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጉልበቱን ለክቶ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ እንደሚወርድ፣ በግማሽ ሲቀርብ ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። ስለዚህ በማሽኑ ውስጥ ሁሉ ነገር ተጠጋግቶ ነው የተሠራው።

ያኔ በነበረን ማሽን ድራሙ መጀመሪያ በሙሉ ቻርጅ ይደረጋል። ከዚያ ከዋናው ወረቀት ነጭ ቦታ የሚመለሰው ብርሃን የነካውን ቻርጅ ያጠፋዋል፤ ጽሑፉ ባለበት ብቻ ይቀራል። ቶነሩ ተቃራኒ ቻርጅ ያለው የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ አንዷ ቅንጣት የፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ብትሆን ነው። ክብደቷ ከምንም ስለማይቆጠር ትንሽ ቻርጅ ከመሬት ስበት ይበልጥባትና ወደ ድራሙ ትዘላለች። ድራሙ እሷን፣ እሷም ድራሙን እኩል ይሳሳባሉ፤ የምትሄደው ግን ቀላሏ ናት። ወደባችን ላይ በትንሽ ጀልባ ሆኖ የመርከብ ገመድ የሚስብ ሰው አይታችሁ ይሆናል። መርከቡ አይመጣም፣ ጀልባው ይሄዳል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ከጀርባው ከድራሙ የበለጠ የሚስብ ቻርጅ ይሰጠዋል፤ ዱቄቱ ድራሙን ትቶ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል፣ ከዚያ በሙቀት ቀልጦ ይጣበቃል። ኮፒ ሲወጣ የሚሞቀው ለዚህ ነው። እርጥብ ወረቀት ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የተሰጠው ቻርጅ ይሾልክበታል፣ ዱቄቱም ድራሙ ላይ ይቀራል። የእኛ 8 ቁጥር ግማሹ የቀረው እዚያ ነው።

በሐምሌ ካምሲኑ ሲነፍስ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቻርጁ የሚሄድበት ያጣል፤ ወረቀቶቹ ተጣብቀው ሁለት ሦስቱ አብረው ይገቡና ማሽኑን ይዘጉታል። የበሩ እጀታም ይነዝረናል።

የዚህ ሥራ አባት ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሥራው የፓተንት ሰነድ ነበርና ግልባጭ ማጣት አማረረው። ጥቅምት 22 ቀን 1938 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከረዳቱ ጋር ኒውዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር፣ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በጨርቅ አሽተው፣ ብርሃን አብርተው፣ ዱቄት ነስንሰው የዕለቱን ቀንና የሰፈሩን ስም ገለበጡ። ብዙ ኩባንያዎች አንፈልግም አሉት፤ ዜሮክስ 914 የተባለው ማሽን ለገበያ የቀረበው ከ21 ዓመት በኋላ በ1959 ነው። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ደንበኛ ሲጠፋ ሱቁን ልንዘጋ ነበር፤ ይህን ሰውዬ ያኔ አላወቅነውም።

አሁን የተከፈተ እሽግ በፕላስቲክ ሳጥን ተከድኖ ያድራል። ልጆች፣ ማበጠሪያ ፀጉራችሁ ላይ አሽታችሁ ወደ ቁራጭ ወረቀት አስጠጉት። ዛሬ ማታ በዚህ እርጥበት እምቢ ካላችሁ ለሐምሌ አቆዩት።