ከመርሳ ወደ ሐይቅ ኮረብቶች

አንደኛ አቅራቢ፦ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከወልዲያ ተነሥቶ በመርሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚያመራ መንገደኛ፣ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ከተሽከርካሪው ወርዶ አደይ አበባ የለበሱትን ኮረብቶች ያለ ብዙ ድካም በእግሩ መውጣት ይችላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ከላይ ቁልቁል የሚታየው ዝግ ሐይቅ ነው፤ ይኸውም ወንዝ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለው ማለት ሲሆን፣ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርከሃ ወንዝ ጉዞውን የሚያበቃው እዚሁ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ወደ ውኃው ገባ ባለው መሬት ላይ ደግሞ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፤ የአካባቢው እጅግ ክቡር ቅርስም እርሱ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በዚህ ወቅት ጤፉና ማሽላው ገና ያልታጨደ በመሆኑ፣ ተጓዦች የገበሬውን ማሳ ሳይረግጡ በድንበሩ ላይ ባለችው ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ይሂዱ።