ማኛና፤ ጠዋትም ነገም የሆነች ቃል

ሰው የውጭ አገር ቋንቋ ሲማር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ረጅሙና እንግዳው ቃል አይደለም፤ እርሱን አንድ ጊዜ አጥንቶ ከያዘው አያታልለውም። የሚያስቸግረው በየቀኑ የሚነገረው አጭሩ ቃል ነው፤ ትናንት ያወቅነው መስሎን ዛሬ በሌላ መልክ ይመጣብናልና። ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት «ማኛና» የተባለው የእስፓኝ ቃል ከእነዚህ አንዱ ነው።

አነባበቡ ለእኛ ችግር የለበትም። እንግሊዝኛ ብቻ የለመደ ምላስ በመካከሉ ባለው ድምፅ ይሰናከል ይሆናል፤ እኛ ግን «ኘ»ን ከሕፃንነታችን ጀምረን የምናውቀው ነው። አጻጻፉም ቢሆን ይመሳሰላል። እኛ በ«ነ» ራስ ላይ ሰረዝ ጨምረን «ኘ» እንደምንል፣ እስፓኞችም ለ«ን» ድምፅ በሚጽፉበት ፊደል ራስ ላይ ጠምዘዝ ያለች ሰረዝ ጨምረው ያንኑ ድምፅ ያወጣሉ።

ችግሩ ያለው በትርጉሙ ላይ ነው። የአንስታይ ጾታ ምልክት የሆነችው «ላ» ስትቀድመው፣ «ላ ማኛና» ስም ነው፤ ትርጉሙም ጠዋት ነው። ምልክቱን ጥሎ ግስን ሲያጅብ ተውሳከ ግስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነገ ማለት ነው። የተባዕታይ ምልክት የሆነችው «ኤል» ስትቀድመው ግን እንደገና ስም ይሆንና፣ ስለ አንዲት ቀን መናገሩን ትቶ የወደፊቱን ዘመን በሙሉ ያመለክታል። ስለዚህ «ነገ ጠዋት» ለማለት የፈለገ ሰው «ማኛና ፖር ላ ማኛና» ይላል። ጀማሪው ተማሪ ተናጋሪው ተንተባትቦ ቃሉን የደገመ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ፊተኛውን ለነገ፣ ኋለኛውን ለጠዋት አድርጎ በትክክል ተናግሯል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቃል በደብተር ላይ ብቻውን ጽፎ ሦስት ትርጉም መደርደር ብዙ አይጠቅምም። ከጎረቤቶቹ ጋር፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሆኖ ሊጠና ይገባዋል።

ጠዋትና ነገ በአንድ ቃል መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጀርመኖችም «ሞርገን» ሲሉ ጠዋትም ነገም ማለታቸው ነው። ፈረንሳዮች ነገን የሚጠሩበት «ደማን» የተባለው ቃል ጠዋት ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው። ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን እንመልከት። ግእዙ ማለዳን «ነግህ» ይለዋል፤ «ጸሎተ ነግህ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። «ነጋ»ም «ነገ»ም ከዚሁ ወገን ናቸው። ነገ ማለት ከሥሩ ሲታይ ሌሊቱ አልፎ ሲነጋ ማለት ነው እንጂ፣ ቀን ያልተቆረጠለት ጊዜ ማለት አይደለም።

ይህንን ልዩነት ማርያኖ ሆሴ ደ ላራ የተባለው የእስፓኝ ጸሐፊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ጽሑፍ በቀልድ አሳይቶታል። የጽሑፉ ርእስ «ነገ ይመለሱ» ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ ጉዳዩን በ15 ቀን ጨርሶ ለመመለስ አስቦ ማድሪድ ይገባል። በሄደበት ሁሉ ግን «ነገ ይመለሱ» ይሉታል። በመጨረሻ ለመንግሥት ያቀረበው ማመልከቻ ስድስት ወር ያህል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከራተት ይቆይና፣ ሐሳቡ ትክክለኛና ጠቃሚ መሆኑ ታምኖለት ሳለ ይከለከላል። ጸሐፊውም ራሱን ንጹሕ አላደረገም፤ ርእሱን ከያዘ በኋላ ጽሑፉን ከሦስት ወር በላይ ሲያሳድር እንደቆየ ይናዘዛል። እንግዳው ሰው የሰማው ተውሳከ ግሱን ነበር፤ ባለ ቢሮዎቹ ያሰቡት ግን ያንን «ኤል» የሚቀድመውን፣ መጨረሻ የሌለውን ስም ነበር።

አድማጮቼ ሆይ፤ ይህ የእስፓኞች ብቻ ጠባይ አይምሰላችሁ። እኛም «ዛሬ ነገ ማለት» የሚል አነጋገር ያበጀነው ሳያስፈልገን ቀርቶ አይደለም። ከጠረጴዛችን ማዶ የቆመ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ስንለው፣ እውነት ሊነጋለት ነው ብሎ ይሄዳል። ምናልባት የመጣው ከሩቅ አገር ይሆናል፤ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የሚከፍለውም በእኛ ቃል ተማምኖ ነው። በማግሥቱ ሲመለስ ያንኑ ቃል ከሰማ ግን እኛ ያሰብነው ሌላውን ነገ መሆኑ ይገባዋል፤ ከዚያ ወዲያ ደጅ መጥናት ይሆንበታል።

ስለዚህ ሥራው በእርግጥ ለነገ የሚደርስ ከሆነ፣ እስፓኛዊው ማኛናን በማኛና እንደሚያጸና፣ ነገን በሰዓቱ እናጽናው፤ «ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት» እንበል። የማይደርስ ከሆነም የሚደርስበትን ቀን እንንገረው። ሰውየው በሚደርስበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ በማይነጋ ነገ ግን ሊመጣ አይችልም።