መጥቶ የሚሄድ ሕመም፦ የላንድ ክሩዘራችን ሞተር እንዴት ተመረመረ

(በአባላት ስብሰባ ላይ በተሽከርካሪ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ዛሬ እንዲናገር የተጠየቀው ስለ አሮጌዋ ላንድ ክሩዘራችን ነው። ባለፈው ስብሰባ ግማሻችን «ትሸጥ» ስንል ግማሻችን «ፖምፓዋ ይታደስ» ማለታችንን ታስታውሳላችሁ። ሁለቱም ከባድ ነበር። ከሱሉልታና ከሆለታ ቅቤና ድንች የምታመጣልን፣ ምጥ የያዛትን እህት በሌሊት ሆስፒታል የምታደርስልን እሷ ናት። ፖምፓ ማሳደሱ ደግሞ የብድር ሣጥናችንን ባዶ የሚያስቀር ወጪ ነበር። ስለዚህ ኮሚቴው ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ጥፋቱ የፖምፓው ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው?

መኪናዋን በቅርብ ለማታውቋት ጥቂት እንበል። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሠራው። በአገራችን ገጠር የሠራች ሁሉ ድምፁን ታውቀዋለች። ቱርቦ የለውም፤ ብልሽቱን የሚናገር ኮምፒውተርም የለውም። ናፍጣውን ከታንክ እየሳበ የሚያመጣው ራሱ ፖምፓው ነው፤ ከኋላ የሚገፋለት ሌላ ፓምፕ የለም። ይህችን ነገር ያዙልን፣ በኋላ ትጠቅመናለች። የእኛዋ ደግሞ ሁለት ታንክ አላት፤ ሾፌሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በቁልፍ ይቀይራል።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። አንዳንድ ቀን ሚኒሞ ላይ ቆማ ትርገፈገፋለች። ዳገት ላይ ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ጉልበት ታጣለች፣ ነዳጅ ሲረገጥላት አትሰማም። ከዚያ ምንም እንዳልነበረባት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጋራዥ ስትደርስማ ጤነኛ ናት፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሳሉ እንደሚጠፋበት ልጅ።

እንዲህ ያለው ብልሽት ነው ኪስ የሚያራቁተው። መካኒኩ ያላየውን መጠገን ስለማይችል በግምት ይቀይራል፤ ዛሬ ፊልትሮ፣ ነገ ኖዝል፣ ከነገ ወዲያ ፖምፓ። አንዱ በተቀየረ ቁጥር መኪናዋ ሁለት ቀን ደህና ትሆንና «ተገኘ» ይባላል። ሳይቀየርም ሁለት ቀን ደህና የምትሆን መሆኗን ማንም አያነሳም። ይህን የምንለው መካኒኮችን ለመውቀስ አይደለም። ማስረጃ ይዞ ያልሄደ ባለቤት የሚገዛው ግምት ነው።

እኛ አንድ ደብተር ገዛን። ከሾፌሩ ጋር የምትሄደው አባል ሞተሩ በተቆራረጠ ቁጥር የምትጽፈው ይህን ነበር፦ ቀኑና ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ፣ ሞተሩ ሞቋል ወይስ ገና ነው፣ የትኛው ታንክ ላይ ናት፣ በታንኩ ውስጥ ምን ያህል ናፍጣ አለ። ደህና የሄደችበት ጉዞም እኩል ይጻፍ ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለእኛ ግን ግማሹ መልስ የተገኘው ከዚያ ነው። ማንበብና መጻፍ በጎልማሶች ትምህርት የጀመረች አንዲት እናታችን «አልቻልኩበትም» ሳትል የታንኩን ጌጅ እየሳለች አምጥታልናለች። የእሷ ገጾች ከሁላችንም ይበልጥ ግልጽ ነበሩ።

ከአንድ ወር በላይ ከተጻፈ በኋላ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየን። መቆራረጡ ሁልጊዜ አንደኛው ታንክ ላይ ነው፤ እሱም ከግማሽ በታች ሲሆን። ከሁሉ የሚብሰው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው የእንጦጦ ዳገት ላይ ነው። ጠዋት አፍንጫዋ ወደ ላይ ሆኖ ካደረች ደግሞ ለመነሳት ታስቸግራለች። ሁለተኛው ታንክ ላይ ስትሆን በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነት ሰላም ናት።

አንዳንዶቻችሁ ከፍታውን ጠርጥራችሁ ነበር። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። ግን እንጦጦ ታንክ ሲቀየር ዝቅ አይልም። ፖምፓውም ያው ነው፤ ታንኩ ሁለት፣ ፖምፓው አንድ። ፖምፓው ታሞ ቢሆን በሁለቱም ታንክ ባመመው ነበር። «ፖምፓ ይታደስ» የሚለው ሐሳብ የወደቀው በዚህ ነው።

ደብተሩን ይዘን ወደ መካኒኩ ሄድን፤ አንብቦ ሲጨርስ ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ። መጀመሪያ ቀላሉን አየ። ከፊልትሮው ሥር ናፍጣ በጠርሙስ ቀድቶ አስቀመጠ፤ ውሃ ቢኖር ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛ ነበር፣ አልነበረም። የታንኩን ክዳን ከፍቶ አየር ሲስብ ይሰማ እንደሆነ አዳመጠ፤ መተንፈሻው አልተደፈነም። ከዚያ ከአንደኛው ታንክ በሚመጣው መስመር ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገባና ሞተሩን አስነሳ። የአየር አረፋ እየተከታተለ ሲያልፍ ሁላችንም በዓይናችን አየነው። በመጨረሻ መስመሩን ከታንኩ ነቅሎ ንጹሕ ናፍጣ ከያዘ ጀሪካን አጠጣት፤ አረፋውም መርገፍገፉም ጠፋ።

ጥፋቱ ከታንኩ አናት ላይ ያለች አጭር የጎማ ቱቦ ነበረች፤ ደርቃ ማሰሪያዋ ሥር ተሰንጥቃለች። ታዲያ ለምን ናፍጣ አላንጠባጠበችም? ያቺን ያዙልን ያልናችሁ ነገር እዚህ ላይ ትመጣለች። ፖምፓው ስለሚስብ በስንጥቁ ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። መሬት ላይ እድፍ እየፈለጉ መኪና ሥር መንበርከክ ለዚህ ዓይነቱ አይሠራም። ናፍጣው ሲጎድል፣ ወይም በዳገት ሞተሩ ከታንኩ በላይ ከፍ ሲል፣ ለመሳብ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ስንጥቁም ያኔ ይበልጥ ያስገባል። ማታ ደግሞ በዚያው አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ታንክ ይመለሳል።

አዲሱን ቱቦ ከሶማሌ ተራ ገዛን። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ የውሃ ቱቦ ርካሽ ነው ተብሎ እንዳይገዛ። ናፍጣ ያላብሰዋል፣ ከዚያም ያፈርሰዋል፤ «ለናፍጣ የሚሆን» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላም ማሳሰቢያ አለን። ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ሞተሩ እየሠራ ማንም በእጇ እንዳትነካ። የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ለደጋፊዎቻችን፦ ለፖምፓ የተያዘው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በብድር ሣጥኑ ውስጥ ይገኛል፤ የቱቦው ደረሰኝ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ተያይዟል። «ትሸጥ» ላላችሁ እህቶች ደግሞ፣ መኪናዋ አርጅታለችና ጥያቄያችሁ በሚቀጥለው በጀት መነሳቱ ተገቢ ነው፤ ግን እንግዲህ የምንወስነው በዕድሜዋ እንጂ በማናውቀው ብልሽት አይሆንም።

የሁለተኛው ታንክ ቱቦ በዕድሜ የዚያችኛዋ እኩያ ነው። ፊልትሮ በሚቀየርበት ቀን አብሮ ይቀየራል። እስከዚያው በዚህ ሳምንት ወደ ሆለታ የምትሄዱ ሁለታችሁ ደብተሩን ከጸሐፊዋ ተረከቡ።