ለጠፋ ሰብል የሚከፈል ካሣ፤ ጊዜው መቼ ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሶዶ ተነሥቶ በቦዲቲ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲመለከት እንሰቱም፣ በቆሎውም፣ ባሕር ዛፉም ለምልሞ ያያል። በእንዲህ ያለ አገር ረሃብ ይገባል ብሎ አይጠረጥርም። ዳሩ ግን በ2000 ዓ.ም. የበልግ ወራት ወላይታ ተርቦ ነበር፤ ረሃቡም «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ።

ምክንያቱን እንመልከት። በቦዲቲ ዙሪያ፣ በዳሞት ጋሌ ወረዳ፣ የብዙው ገበሬ መሬት ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። የመኸሩ እህል ካለቀ በኋላ የበልጉ እስኪደርስ ቤተ ሰቡን የሚያሻግረው ስኳር ድንች ነው። በመኸር መጨረሻ የሚጠበቀው ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ የስኳር ድንቹ ቅጠል ቢታይም ሥሩ አይወፍርም። ጉዳቱ ከመሬት በታች ስለ ሆነ ከመኪና መስኮት አይታይም።

እንግዲህ መንግሥት ለዚህ ገበሬ ምን ይከፍላል? በ1995 ዓ.ም. በአገራችን ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ከሆነ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። በመዝገብ የገባ ቤተ ሰብ በአንድ ሰው በወር 5 ቀን እርከንና መንገድ እየሠራ ለ6 ወር ገንዘብ ወይም እህል ይቀበል ጀመር፤ መሥራት ለማይችሉት ያለ ሥራ ተሰጣቸው። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ክፍያው ለቆየ ድህነት እንጂ ዘንድሮ ለጠፋ ሰብል የታሰበ አልነበረም። መጠባበቂያ ገንዘብ ቢኖረውም ከጥያቄና ከማጣራት በኋላ የሚለቀቅ ነበር። የበልጉ ጉዳት ሲጠና የኖረውም አዝመራው ካለፈ በኋላ፣ በሰኔ ገደማ ነው።

በዚህ መካከል በመዝገብ ያልገባው ገበሬ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ፍየሏን፣ ቀጥሎ ጊደሯን፣ በመጨረሻም በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። ሁሉም ሻጭ በሆነበት ቀን የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። እርዳታው ሲደርስ ሆዱን ያስታግሥለት እንደ ሆነ እንጂ በሬውን አይመልስለትም። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ይህን ለመሰለው ነው።

ሌላ መንገድ አለን? በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ድርቅ ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር። 930,000 ዶላር ተከፈለ፤ በ26 ጣቢያዎች የሚለካው ዝናብ ከተወሰነው በታች ቢወርድ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ውል ታሰረ። ዝናቡ ደግ ስለ ሆነ ክፍያ አልነበረም። ትምህርቱ ግን ቀረልን፤ ክፍያ የሰው ከብት ማለቅን ሳይጠብቅ በዝናብ ልክ ሊታዘዝ ይችላል ማለት ነው። እርግጥ ሩቅ ያለ መለኪያ የእያንዳንዱን ማሳ ጉዳት አያውቅም። ስለዚህ መለኪያው ወደ ቀበሌው ይቅረብ፤ የስኳር ድንቹም ሥር በጥርና በየካቲት እየተቆፈረ ይታይ፤ የተከፋዮችም ስም ዝርዝር በአደባባይ ይለጠፍ እንላለን።

«ካሣ ገበሬውን ያሰንፈዋል» የሚሉ አሉ። በሬውን ከመሸጥ የዳነ ገበሬ ግን በመጀመሪያው ዝናብ ያርሳል፤ የሸጠው የሰው በሬ ይለምናል። ከሁለቱ የትኛው ሥራ እንደሚፈታ እናንተው ፍረዱ።

ግብርናና ስታቲስቲክስ የምትማሩ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ዝናብ መለካትና ሥር ቆፍሮ መመዘን ከአቅማችን በላይ አይደለም። በዕረፍት ወራት ወደየቀበሌያችን ስንመለስ ከዚህ እንጀምር።