አሮጌውን ላንድ ክሩዘር እንግዛ ወይስ ይቅርብን?
በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ እንድቆም የታዘዝኩት ስለ አንድ መኪና እንድናገር ነው። ለዕድራችን ይገዛ የተባለውን አሮጌ ላንድ ክሩዘር አይታችሁ ኑ ተብለን ሦስት ሰዎች መመረጣችንን ታስታውሳላችሁ። አየን፣ ነዳን፣ ከሥሩም ተኛን። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ይዤ የኖርኩ ሾፌር ስለሆንኩ ንግግሩ ለእኔ ተሰጠኝ። ንግግር የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ብሳሳት በአባትነት ታልፉኛላችሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስታውስ። ባለፈው ነሐሴ የአንድ ወንድማችን እናት ያረፉ ዕለት የሆነውን የማያውቅ የለም። ከአስፋልቱ ወርደን ጥቂት እንደሄድን አስከሬኑን የያዘው የኪራይ መኪና መረሬው ውስጥ ገባ። ገፋን፤ አልወጣም። ድንጋይ አነጠፍን፤ ባሰበት። በመጨረሻ ሳጥኑን አውርደን በትከሻ ተሸከምን። እናቶቻችን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በዝናብ ተከተሉን። አንድ ሽማግሌ አባታችን ወድቀው ክንዳቸው ተጎዳ። ልጅየው በዚያ ጭቃ መሐል ቆሞ «እናቴን እንኳ በወግ ላልቀብራት ነው?» ብሎ ሲያለቅስ «ፎር ዊል መኪና ይገዛ!» ብዬ መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ራሴ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው የሌላ ሰው ሐሳብ ለማፍረስ አይደለም። የራሴን ጩኸት መልሼ ስለመረመርኩ ነው።

እንግዲህ ከሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት ላይ ማንኛውም መኪና ይሠራል። ችግራችን ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው። አፈራችን ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። ስለዚህ አራቱም ጎማው የሚስብ መኪና መመኘታችን ቅንጦት አይደለም።

ሆኖም ምኞትን በቁጥር መመዘን ይገባል ብለን የዕድራችንን ጸሐፊ መዝገቡን እንዲያወጣልን ለመንነው። ካለፈው መስከረም 1 ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 23 ቀብር ውለናል። ከዚህ ውስጥ 14ቱ በአስፋልቱ ዳርና በጠጠር መንገድ ላይ ነበሩ። 9ኙ ወደ ገጠሩ የገቡ ሲሆኑ፣ ከ9ኙም 5ቱ በደረቅ ወራት ስለነበሩ ከአቧራ በቀር ያስቸገረን ነገር አልነበረም። ጭቃ ያገኘን በ4ቱ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ለ4 ቀን ብለን ዓመቱን ሙሉ መኪና ልንቀልብ ነው?» ትሉ ይሆናል። እኔ ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ያ ቀን ለሐዘንተኛው ቤት ዕድሜ ልክ የማይረሳ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን ይዘን እንሂድ።

አሁን ወደ መኪናው ልግባ። ቶዮታ ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው፤ የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ያየነው ዓይነት፣ ማለትም ከኋላ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ያለው ባለ ረጅም ሻንሲው፣ በ1984 ብቅ ካለው ቤተሰብ ነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ጠንካራ መኪና ነው፤ ሥራውም ቀላል ስለሆነ ብዙ መካኒክ ያውቀዋል። መለዋወጫውም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ቢኬድ ይገኛል። ይህን ማለቴ ስለ መኪናው የማዝን እንጂ የምጠላው እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። ግን ዕድሜው ከ35 ዓመት በላይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ጉድለት የዕድሜ እንጂ የፋብሪካው ጥፋት አይደለም።

በማለዳ ነው የሄድነው። አሮጌ ሞተር መታየት ያለበት ቀዝቅዞ እያለ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ማንም ይነሣል። ኮፋኖውን ከፍቼ እጄን ራዲያተሩ ላይ ባሳርፍ ሞቅ ብሏል። ለካ ደላላው ከእኛ በፊት አስነሥቶት ኖሯል። «በቃ ነገ እንመለሳለን» አልኩ። በማግሥቱ ሳይነገራቸው ሄድን። ከብዙ ልፋት በኋላ ተነሣ፤ ሲነሣም ሰማያዊ ጭስ አወጣ። ሰማያዊ ጭስ ማለት ሞተሩ ዘይት ይበላል ማለት ነው። ጥቁር ቢሆን ናፍጣ በዝቶበታል ወይም አየር አጥሮታል እንላለን፤ ነጭ ሆኖ አልቆም ቢል ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ እንደሆነ እንጠረጥራለን። ከሥሩ ተኝተን ሻንሲውን ስናይ ከኋላ ባሌስትራው በሚታሰርበት በኩል ተሰንጥቆ ተበይዷል፤ በላዩም አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ዝገት ይሸፍናል እንጂ ብረት አይሆንም።

ቀጥሎ ዋናውን ነገር፣ ፎር ዊሉን ፈተንን። ይህን ለማታውቁ ላስረዳ። በዚህ ዓይነት መኪና የፊት ጎማዎች መሐል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። እሱ ካልተቆለፈ ሾፌሩ ውስጥ ሆኖ ማርሹን ቢያስገባም የፊቱ ጎማ አይስብም። የግራው ዞረ፤ የቀኙ ግን ከዝገት የተነሣ ፈቀቅ አላለም። ሰውየው ለስንት ዘመን በሁለት ጎማ ብቻ ሲነዳው እንደኖረ እግዜር ይወቅ። በስሙ ባለ አራት፣ በሥራው ባለ ሁለት ማለት ነው። ይህ ይጠገናል፤ አይጠገንም አላልኩም። ግን እኛ ልንገዛው የፈለግነው በዚሁ በአራቱ ጎማ ምክንያት መሆኑን አትርሱ። ደግሞም ፎር ዊል ከጭቃ ያወጣል እንጂ ፍሬን አይሆንም። ቁልቁለት ላይ ሰው ጭኖ የሚያቆመው ፍሬንና ደህና ጎማ ነው፤ የዚህ መኪና ጎማዎች ደግሞ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል።

ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አመሳከርን። የሻንሲው ይገጥማል፤ የሞተሩ አይገጥምም። «ሞተር ተቀይሯል» አሉን፤ የተቀየረበትን ወረቀት ግን አላሳዩንም። በተጨማሪም መኪናው ቀድሞ የአንድ ዕርዳታ ሰጪ ድርጅት ነበር ተባልን። ዕርዳታ ሰጪዎች ብዙ ጊዜ መኪና የሚያስገቡት ያለ ቀረጥ ነው። ቀረጡ መከፈሉ ሳይረጋገጥ እንዲህ ያለ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ዕዳው መጨረሻ የገዛውን ያገኘዋል። የምትገዙት መኪና ነው ወይስ ክስ? ይህን ጥያቄ የትኛውም ገዢ፣ ለራሱም ቢሆን፣ ብር ከመቁጠሩ በፊት ይጠይቅ።

ስለ ዋጋው። «አሮጌ ሆኖ ሳለ እንዴት ይህን ያህል ይወደዳል?» ያሉ አሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከአዲሶቹ የከበደ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መለዋወጫውም አብሮ ናረ። በዚህ ሁሉ የተነሣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ሆነ። የተጠየቅነው ዋጋ ዕድራችን ባንክ ካለው ተቀማጭ ከግማሽ በላይ ነው።

ዋጋው ደግሞ መግቢያ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ከበሩ በኋላ የስም ማዛወሪያ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ፣ ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የሾፌር ደመወዝና ማቆሚያ ቦታ አለ። በእኔ ልምድ እንዲህ ያለ ሞተር በአንድ ሊትር ናፍጣ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ጭቃ ላይ ከዚያም ያንሳል። ከሁሉም የሚከፋው ግን መቆሙ ነው። መኪና ሲሠራ ብቻ የሚያረጅ የሚመስለው ብዙ ነው። የቆመ መኪና ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይነክሳል። የኛ መኪና ደግሞ ሥራው መቆም ነው፤ ጥሩንባ ሲነፋ ብቻ ነው የሚነሣው። ያን ጊዜ እምቢ ቢልስ? ሙስሊም ወንድማችን ያረፈ ዕለት ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፤ ለመካኒክ የሚተርፍ ሰዓት የለም።

«እናከራየውና ራሱን ይቻል» የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ይህ ሌላ ፈቃድና ሌላ ሰሌዳ ይጠይቃል። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ መኪናችን ዕቃ ጭኖ ደብረ ብርሃን ሳለ እዚህ ለቅሶ ቢደርስ መልሳችን ምንድን ነው?

የራሴንም ጉድ ልንገራችሁ። በ1982 ዓ.ም. ከወንድሜ ጋር ሆነን ሁለት በሬ ሸጠን አንድ አሮጌ ባለ ፎር ዊል መኪና ገዝተን ነበር። መካኒክ አላሳየንም፤ «እኔ ሾፌር አይደለሁ?» አልኩ። አንድ ክረምት ሠራ። በሁለተኛው ካምቢዮው ወደቀ፤ የምናስጠግንበት አጣን። ዶሮዎች እንቁላል ሲጥሉበት ኖሮ በመጨረሻ በብረት ዋጋ ተሸጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። ያ ግን የራሳችን በሬ ነበር። ይህ የዕድሩ ገንዘብ የመበለቲቱና የጡረተኛው መዋጮ ነው፤ ነገ ለሚያርፍ ሰው ቤተሰብ አደራ የተቀመጠ ነው። ሁለት ሦስት ቀብር በአንድ ሳምንት ቢደራረብ የምንከፍለው ከዚሁ ነው።

ስለሆነም ሦስታችንም ተስማምተን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ይህ መኪና አይገዛ።

ሁለተኛ፣ ሰኔ ሳይገባ በአካባቢያችን ትራክተር ወይም ደህና ፎር ዊል ካላቸው ሰዎች ጋር በጽሑፍ እንዋዋል። ለክረምቱ ወራት፣ በተጠራ ቁጥር የሚከፈል ይሁን። አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው እንያዝ፤ አንዱ ቢታጣ ሌላው እንዲኖር።

ሦስተኛ፣ በነሐሴ የተያዝንበትን ቦታ ሄደን ለካነው፤ ከ150 ሜትር አይበልጥም። ከመኪናው ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ፣ ቀበሌውን አስፈቅደን፣ በበጋው ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ቆፍረን ድንጋይና ጠጠር ብናለብሰው ያ ሥፍራ ማንኛውንም መኪና ያሳልፋል። መንገዱ ደግሞ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ምጥ የያዛትም ታልፍበታለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አራተኛ፣ መኪና የመግዛት ሐሳብ አይሙት። ከሞት መዋጮው የተለየ ሣጥን ይከፈትለት፤ የሚችል በፈቃዱ ይጨምር። ያ ሣጥን የመኪናውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሁለት ዓመት ወጪውን የያዘ ዕለት፣ ወረቀቱ የጠራ፣ ሻንሲው ያልተበየደ መኪና በማናውቀው መካኒክ አስመርምረን እንገዛለን። ያን ጊዜ መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው እኔ ነኝ።

በመጨረሻም ለዚያ ወንድማችን። እዚህ ተቀምጠህ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። እናትህን በትከሻችን ተሸክመን መሄዳችን አሳፍሮሃል፤ እኛንም አሳፍሮናል። ግን ያን ዕለት ሳጥኑን ለመሸከም ተራ የጠበቀው ሰው ብዛቱን አስታውስ። መኪናው ቢከዳንም ሰው አልከዳህም። በዚህ በጋ ዶማና አካፋ ይዘን ያን መንገድ ስንሠራ የመጀመሪያውን ድንጋይ አንተ እንድታስቀምጥ እለምንሃለሁ።

ውሳኔው የጉባኤው ነው።