ከአለት የተፈለፈለ የንጉሥ መቅደስ

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በአካባቢው ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ወደ ላስታ ላሊበላ እንሂድ።

መጀመሪያ ግን የምታውቁትን የቱላ ጉድጓድ አስቡ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ይቀባበላሉ። ያን ጉድጓድ ማን ሠራው? የጥንት አባቶች ናቸው። አለቱን በእጃቸው እየፈነቀሉ ከላይ ወደ ታች ወረዱ። የላሊበላም ሥራ እንዲሁ ነው።

ቤት ስንሠራ ከመሠረት ጀምረን በጣራ እንጨርሳለን፤ አይደለም እንዴ? ቤተ ጊዮርጊስ ግን ከጣራ ተጀምሮ በወለል አለቀ። ሠራተኞቹ በአለቱ ዙሪያ ወደ 12 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። መሐሉ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተዉ። ድንጋዩን በመስቀል ቅርጽ ጠረቡት። በርና መስኮት አወጡለት። ውስጡን ፈልፍለው ቤት አደረጉት። ጣራውም፣ ግድግዳውም፣ ወለሉም አንድ አለት ነው። በስሕተት የተቆረጠ ድንጋይ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

እንዲህ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው። የሚጠሩት ከ800 ዓመት በፊት በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም ነው። መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ እንደሆነ ይነገራል። በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ።

አለት ጠንካራ ነው እንላለን። ነገር ግን ዝናብ ይበላዋል፤ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለአንዳንዶቹ ዝናብ የሚከልል ጣራ ተሠራላቸው። የሰው እጅም ይጎዳዋል። ልጽፍ ቻልኩ ብሎ ስሙን በምስማር የሚጭር ሰው፣ የ800 ዓመት ሥራ ያበላሻል።

እንግዲህ ለጉብኝት ስትሄዱ ጫማችሁን በደጅ አውልቁ። በቀስታ ግቡ። ግድግዳውን አትጫሩ። ቁራጭ ድንጋይ አታንሡ። እምነታችን ቢለያይም ቅርሱ የሁላችን ነው። የላስታ ሰው ወደ ቦረና ቢመጣ፣ የቱላውን ውሃ እንዲያቆሽሽባችሁ ትፈቅዳላችሁ? አትፈቅዱም!

እስቲ አሁን ደብተራችሁን አውጡ። ይህን ቃል አንብቡ፦ ቅ-ር-ስ፤ ቅርስ። ከሥሩም ስማችሁን ጻፉ። የስም ቦታው ደብተር ነው፤ አለት አይደለም።

ደኅና ሰንብቱ።