«የዘሪው ምሳሌ»ን ካነበብን በኋላ



የንባብ ቡድናችን ሰሞኑን የኦክታቪያ በትለርን «የዘሪው ምሳሌ» ጨርሷል። እንግሊዝኛ የሚቀላቸው እያነበቡ በአማርኛ ሲነግሩን፣ ሌሎቻችን ቡና እያፈላን አዳመጥን። መጀመሪያ ላይ «የራሳችን ጭንቀት መች አነሰን!» ብለን ልንተወው ነበር።

ደራሲዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ አባቷ በልጅነቷ ሞቶባት እናቷ በሰው ቤት እየሠራች አሳደገቻት። መጽሐፉ በፈረንጆች 1993 ታትሞ ታሪኩ በ2024 ይጀምራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ውኃ ከቤንዚን ተወዷል፤ ሥራ የለም። ሎረን የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ከቤተሰቧና ከጎረቤቶቿ ጋር በግንብ አጥር ውስጥ ትኖራለች። ሰው ሲሠቃይ ካየች ሕመሙ በራሷ ሰውነት ይሰማታል።

ልጅቱ ክፉ ቀን እንደሚመጣ ገብቷት ገንዘብ፣ ምግብና ዘር ቋጥራ አስቀመጠች። በ2027 አጥሩ ተጥሶ ሰፈሩ ሲቃጠል፣ ያን ተሸክማ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ወደ ሰሜን በእግር ተነሣች። መንገድ ላይ ሕፃን የያዙትን፣ ከባርነት ያመለጡትን እየጨመረች ሄደች። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል። እንኖርበታለን ባሉት መሬት ላይ የጠበቃቸው ግን የተቃጠለ ቤትና አጥንት ነበር። ለሞቱባቸው ሁሉ አልቅሰው፣ በስማቸው የኦክ ዛፍ ፍሬ ተክለው እዚያው ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ቤቱ ጸጥ አለ። እኛም አገር ቤት የሞተብንን በስልክ ተረድተን፣ መቃብሩን ሳናይ ያለቀስን ነን።

ኋላ አንዲት እናታችን «እኛስ ያቺን ልጅ ከአጥር ውጭ ትተናት የለም?» አሉ። ማንን እንዳሉ ሁላችንም አወቅን። የሦስት ወር መዋጮ ስላልከፈለች ስሟን ሰርዘናል፤ ደንቡ ያዛል። ሥራ መፍታቷን ሰምተን ነበር፤ ቤቷ ሄዳ የጠየቀቻት ግን የለችም።

በማግሥቱ ሦስት ሆነን ሄድን። በሩን ከፍታ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቡና አፈላችልን። ትመለስ እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ዛሬ የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ደንባችን ላይ «ትሰረዛለች» ከሚለው በፊት «ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ይጠይቋታል» የሚል ይግባበት። ገንዘቡ ይጠራቀም፤ ለክፉ ቀን ነው። ሎረንንም የቋጠረችው ጠቅሟታል፤ እሷ ስትተኛ ነቅተው የጠበቋት ግን ሰዎቹ ናቸው።